በማር የተቀቀለው ድንጋይ፦ የአጌት ቀለም ከየት ይመጣል?

የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ በስሱ ተቆርጦ የተወለወለ፣ ከዳር እስከ መሃሉ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደረደረበት የሚመስል ድንጋይ አይታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ አንዳንዱ የአንገት ሐብል፣ አንዳንዱ የመጻሕፍት መደገፊያ ሆኖ ይሸጣል። ስሙ አጌት ነው። ከመካከላቸው ደማቅ ሰማያዊ ወይም እንደ ከረሜላ ሮዝ የሆነ ካያችሁ ድንጋዩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ግን ከመሬት አልወጣም ማለት ይቻላል። ሰው ነው የሰጠው። "ቀባው" ብንል እንኳ አይበቃም፤ ድንጋዩ ቀለሙን ጠጥቶታል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው "ታዲያ ፎርጅድ ነዋ!" ይላል። ቆይ፣ አንቸኩል። አጌትን ማቅለም ከኬሚካል ፋብሪካ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ድንጋዮች በጻፈው ክፍል፣ በዓረብ አገር የሚገኝ አንድ ዓይነት ድንጋይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳያቋርጥ በማር ይቀቀላል እንደሚባል መዝግቧል። ድንጋይ በማር! (ማሩ ለጠጅ ቢውል ይሻል ነበር የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ።)

እኔ የምማረው የማቴሪያልስ ምህንድስና ነው። እናም ይህን ሳነብ ጥያቄዬ "ማር ምን አደረገ?" የሚል ነበር። መልሱ ድንጋዩ ውስጥ ባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ላይ ያርፋል። የአጌት ታሪክ አብዛኛው፣ ዶቃውም፣ የነገሥታቱ ጽዋም፣ የአንዲት የጀርመን ከተማ ሀብትም፣ ከዚሁ ከድንጋዩ ውስጣዊ አሠራር የተቀዳ ነው። ድንጋዩን የሚሞርዱት ሰዎች ሳንባ ላይ የሚደርሰውም እንዲሁ።

መቀነቱ እንዴት ተሠራ?

አጌት የኬልቄዶን ዓይነት ነው። ኬልቄዶን የሚለው ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘጸአት በካህኑ የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች መካከል፣ በዮሐንስ ራእይም በአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር መሠረቶች ውስጥ ይገኛል። በነገራችን ላይ፣ የጥንት የዕንቁ ስሞች እንደ ዛሬው የተቆረጡ አልነበሩም። የዘጸአቱን "መረግድ" የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ብዙ ጊዜ ኦኒክስ ይሉታል፤ የራእዩን "መረግድ" ግን ኤመራልድ። ስለዚህ የድሮ ጽሑፍ ላይ የድንጋይ ስም ስታዩ ጥንቃቄ አይከፋም።

በኬሚስትሪ ቋንቋ ኬልቄዶን ሲሊካ ነው፤ የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ። አብዛኛው የወንዝ አሸዋም ይኸው ነው። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው፦ ተራ ኳርትዝ በዓይን በሚታይ ትልቅ ክሪስታል ሲያድግ፣ ኬልቄዶን እንደ ቃጫ ከተጠላለፉ እጅግ ረቂቅ ክሮች የተገነባ ነው። ይህ ድንጋይ መቀነት መቀነት ሲኖረው አጌት፣ መቀነቱ ቀጥ ያለና ትይዩ ሲሆን ኦኒክስ፣ ቡናማ ቀይና ነጭ ሲፈራረቅበት ሰርዶንክስ፣ ደግሞም ያለ መቀነት ወጥ ቀይ ሲሆን ካርኔሊያን ይባላል። ቤተሰቡ አንድ ነው።

ብዙው አጌት የሚወለደው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ዓለት ውስጥ ነው። ለኮብልስቶን የሚጠረበውን ጥቁር ድንጋይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉበት አይጠፋም። እነዚያ ቅላጩ ሲበርድ ጋዝ ታፍኖ የቀረባቸው አረፋዎች ናቸው። በኋላ በዓለቱ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ ሲሊካ አሟሙቶ ያመጣና ጉድጓዱን ከግድግዳው ወደ መሃል እየለበጠ ይሞላዋል። ለዚህ ነው አጌትን ከውጭ ስታዩት ድንች የመሰለ ድቡልቡል፣ ስትሰነጥቁት ግን የማርያም መቀነት የሚሆነው።

ለምን ወጥ ሆኖ አልሞላም? ለምን በመቀነት? ጀርመናዊው ኬሚስት ሊዘጋንግ እ.ኤ.አ. በ1896 ፖታሲየም ዳይክሮሜት በተቀላቀለበት ጄላቲን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ሲያኖር፣ ጨው ወጥ ሆኖ በመዝቀጥ ፈንታ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ተደረደረ። ማንም አልሣለውም፤ ስርገትና ዝቅጠት እየተፈራረቁ በራሳቸው የሠሩት ነው። ሊዘጋንግ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ በ1915 ስለ አጌት መጽሐፍ አሳተመ። የአጌት መቀነት ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ ይገለጻል ወይስ ሲሊካው በየጊዜው በዙር እየገባ ነው የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ተራ የሚመስል ድንጋይ እስከ አሁን ማከራከሩ በግሌ ደስ ይለኛል።

ለእኛ ታሪክ ዋናው ነገር ይኸውና፦ በክሮቹ መካከል ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ ብዛታቸውና ስፋታቸው ከመቀነት መቀነት ይለያያል። አንዱ መቀነት ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ምንም አያስገባም። ጎረቤቱ ግን ቀስ እያለ ፈሳሽ ይጠጣል። እዚያ ላይ ማሩን ጨምሩበት። ውሃው ስኳሩን ይዞ የሚጠጣው መቀነት ውስጥ ይገባል፤ ስኳሩ እዚያው ሲያር ወደ ከሰልነት ይለወጣል። ሊጥና ወጥ ያሳረረ ሁሉ የሚያውቀው ኬሚስትሪ ነው። የማይጠጣው መቀነት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ውጤቱ፦ ግራጫ በግራጫ የነበረ ድንጋይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ሞረዱና እሳቱ

ከማሩ በፊት ግን እሳት ነበር። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የኢንዱስ ሸለቆ ሰዎች፣ በዛሬዋ ፓኪስታንና ምዕራብ ህንድ፣ ከካርኔሊያን ረጃጅም ዶቃዎች ይሠሩ ነበር። ዶቃዎቹ እስከ ሜሶጶጣሚያ ተሻግረው በዑር ከተማ የነገሥታት መቃብር ውስጥ ተገኝተዋል። ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ቢጫ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ውሃ የያዘ ዝገት ነውና። በሸክላ ውስጥ አድርገው ቀስ አድርገው ሲያሞቁት ውሃው ይወጣና ዝገቱ ሄማታይት ወደሚባለው ቀይ ማዕድን ይለወጣል። ቶሎ ካሞቁት ይሰነጠቃል። ቀይ ሸክላ የሚተኩስ ሰው እጁ ላይ ያለው እውቀት ነው።

ከማቅላቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መብሳቱ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጆናታን ማርክ ኬኖየር የጥንቱን መሰርሰሪያ ድንጋይ መልሶ በመሞከር፣ በሰዓት 2.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ እንደሚበሳ ለክቷል። አስሉት፤ 6 ሴንቲሜትር ዶቃ 24 ሰዓት ንጹሕ የመሰርሰር ሥራ ይፈልጋል። አጌትና ካርኔሊያን በጥንካሬ መለኪያው ከ6.5 እስከ 7 ስለሚደርሱ ተራ ቢላዋ አይጭራቸውም። ከዚያ በላይ ደግሞ የተጠላለፉት ክሮች ስንጥቅ በቀላሉ እንዳይሮጥ ይይዙታል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና የምንፈጨው በአጌት ሙቀጫና ዘነዘና መሆኑ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙቀጫው ራሱ ተፈጭቶ ናሙናውን አይበክልም። የድሮ ሚዛኖች ምላስ ያረፈበት ስለታም ጠርዝም አጌት ነበር።

የዶቃው ድንጋይ ከሚወጣባቸው ስፍራዎች የታወቀው በህንድ ጉጃራት ግዛት፣ ከባሩች ከተማ አጠገብ ያለው ራታንፑር ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በራታንፑር ኮረብታ ላይ የባቫ ጎር መካነ መቃብር ይገኛል። ሲዲ የሚባሉት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው የጉጃራት ሰዎች እንደ ጠባቂያቸው ያከብሩታል፤ በትውፊታቸውም ባቫ ጎር "ሀብሺ" ነው፤ ከአቢሲኒያ የመጣ። የአጌቱን ሥራ ያቋቋመው፣ ድንጋዩን በእሳት ማቅላትን ያስተማረው እሱ ነው ይባላል። እህቱ ማይ ሚስራም ከጎኑ ትከበራለች። ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ ፓርሲው ሁሉ ስለት ይዞ ይወጣል። "ሀብሺ" የሚለው ስም በህንድ ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣ ሁሉ ይሰጥ ስለነበር፣ የእገሌ አውራጃ ሰው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሥራውም ከእሱ ዘመን በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ሆኖም ትውፊቱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢውን የገለጸው ፖርቹጋላዊው ዱዋርቴ ባርቦሳ እንኳ እዚያ የሚወጣ አንድ ድንጋይ በባቫ ጎር ስም እንደሚጠራ ጽፏል።

የባሩች ስም በጥንት ግሪኮች አፍ ባሪጋዛ ነበር። የ1ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ የጻፈው "የኤርትራ ባሕር ጉዞ" የሚባለው መመሪያ፣ ከባሪጋዛ የኦኒክስ ድንጋይና "ሙሪን" የሚባል ውድ ዝንጉርጉር ድንጋይ ወደ ውጭ እንደሚላክ ይዘረዝራል። ሙሪን አጌት ነው ወይስ ፍሎራይት የሚለው ያከራክራል። የሚገርመው ግን ያው መጽሐፍ ስለ አዱሊስ፣ ስለ አክሱም ወደብ ሲናገር ነው፦ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች አንዱ በግብፅ ዲዮስፖሊስ የተሠራ፣ ሙሪንን የሚመስል ብርጭቆ ነበር። አያችሁ፤ በዚያ ዘመን ኦሪጅናሉ ከህንድ ሲወጣ፣ ኮፒው ከግብፅ ወደ እኛ ወደብ ይመጣ ነበር። የድንጋዩ ዝንጉርጉርነት ምን ያህል እንደሚፈለግ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

በተመሳሳይ ጊዜ ሮማውያን ሌላ ዘዴ ላይ ደርሰው ነበር። ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው አስጨናቂ ነው። ነጭና ጥቁር ንብርብር ያለውን ሰርዶንክስ ወስዶ ከላይ ያለውን ነጭ ንብርብር በሰው ምስል ቅርጽ መጥረብ፤ የተቀረውን ነጭ ጨርሶ ማንሳት፤ ከሥር ጥቁሩ መደብ ሆኖ ይቀራል። ካሜኦ የሚባለው ይህ ነው። ቪየና የሚገኘው ጌማ አውጉስቴያ ሁለት ንብርብር ሲኖረው፣ ፓሪስ ያለው ታላቁ የፈረንሳይ ካሜኦ 31 በ26.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ በአምስት ንብርብር የተሠራ ነው። ጠራቢው ንብርብሩ የት እንደሚያልቅ ከላይ ሆኖ መገመት አለበት፤ አንድ ሚሊሜትር ቢያልፍ የንጉሡ አፍንጫ ጥቁር ይሆናል፣ መመለሻም የለም። በ2015 በግሪክ ፒሎስ የተገኘው የፍልሚያ ማኅተም ደግሞ ከዚህ በ1,400 ዓመት ገደማ ይቀድማል። 3.6 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነች አጌት ላይ የተቀረጹት ተዋጊዎች ጡንቻና ጌጥ አንዳንዱ ዝርዝር በግማሽ ሚሊሜትር ውስጥ ያልቃል። በዓይን ብቻ ማየት እንኳ ይከብዳል።

በሆዳቸው የሚተኙት ሞራጆች

ምዕራብ ጀርመን ውስጥ፣ በናሄ ወንዝ አጠገብ ኢዳር ኦበርሽታይን የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ በላይ ያለው ኮረብታ አጌት ነበረው፤ ከሥሯ የሚወርደው ጅረት ደግሞ የውሃ ጎማ ያዞራል። ድንጋይና ጉልበት አንድ ቦታ ተገናኙ። የውሃ ጎማው ከሰው ቁመት የማይተናነሱ የአሸዋ ድንጋይ ሞረዶችን ያሽከረክራል። ሞራጁ ቆሞ ቢገፋ ጉልበቱ አይበቃምና፣ ደረቱንና ሆዱን ጎድጎድ ባለ ዝቅተኛ የእንጨት ወንበር ላይ አድርጎ ይንጋለላል፤ እግሩን ከኋላው በተቸነከረ እንጨት ላይ ይተክልና በመላ አካሉ አጌቱን ወደ ሞረዱ ይጫነዋል። ሞረዱ ላይ ውሃ ይወርድበታል። ቀኑን ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ። አልፎ አልፎም ሞረዱ በሽክርክሪት ላይ እያለ ይፈነዳል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአካባቢው ድንጋይ እየተመናመነ ሲሄድ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ብራዚል ተሰደዱ። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ በ1827 በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛት በመስክ ላይ ተበትኖ የተቀመጠ አጌት አዩ። ሌላው ሰው ጠጠር ያለውን የድንጋይ ሠራተኛ ልጅ አወቀው። በ1834 የመጀመሪያው ጭነት ኢዳር ደረሰ። የብራዚሉ አጌት ግን ትልቅ ቢሆንም አብዛኛው ግራጫ፣ ፊቱ የደበዘዘ ነበር። እዚህ ላይ ነው የፕሊኒ ማር ተመልሶ የመጣው። የኢዳር ሰዎች ድንጋዩን በማር ወይም በስኳር ውሃ ለሳምንታት ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ያሞቁታል። አሲዱ ከስኳሩ ውሃውን መጥጦ ካርቦኑን ብቻ መቀነቱ ውስጥ ይተዋል። ዛሬ "ብላክ ኦኒክስ" ተብሎ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። ቀጥሎ የብረት ጨው ለቀይ፣ የክሮሚየም ጨው ለአረንጓዴ፣ ሁለት ጨዎች ተራ በተራ ገብተው ቀዳዳው ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ። እነዚህ ቀለሞች በቀላሉ አይለቁም፤ የተፈጠሩት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ነውና።

ታዲያ ፎርጅድ ነው? ለእኔ ሻጩ ከተናገረ አይደለም፤ ከደበቀ ነው። በእሳት የቀላ ካርኔሊያንን ለአምስት ሺህ ዓመት ስናደንቅ ኖረን በስኳር የጠቆረውን መናቅ ሚዛናዊ አይመስለኝም። መለየት ከፈለጋችሁ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ስንጥቆቹን እዩ፤ ቀለሙ በስንጥቅ ዳር ከተጠራቀመ ከውጭ ገብቷል ማለት ነው።

ኢዳር ለአፍሪካም ሠርታለች። የቱዋሬግ ሰዎች የሚያጌጡበት ከላይ ቀለበት ከታች ሦስት ማዕዘን የሆነ "ታልሃኪምት" የሚባል ጌጥ ቀድሞ ከህንድ ካርኔሊያን ይመጣ ነበር። ኢዳር ኮፒውን በአጌት ሠራች፤ ቦሄሚያ ደግሞ የኢዳርን ኮፒ በብርጭቆ። ከዚያ ፕላስቲክ መጣ።

ብናኙ

አሁን ወደ ጉጃራት እንመለስ። ከባሩች ብዙም በማይርቀው በካምባት ከተማ የአጌት ሥራ አልተቋረጠም። አንዳንዱ መሣሪያ በጣም ያረጀ ነው፤ ሠራተኛው መሬት ላይ የተተከለ የብረት ጦር ጫፍ ላይ ድንጋዩን ደግፎ በጎሽ ቀንድ መዶሻ እየመታ ይፈለፍላል። ሞረዱ ግን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ውሃ። ሥራው የሚሠራው በየቤቱ፣ በረንዳ ላይ ነው፤ ክፍያውም በቁጥር ነው። ልጆች አጠገቡ ይጫወታሉ።

ደረቅ አጌት ሲሞረድ የሚወጣው ሲሊካ ነው። ከ10 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ብናኝ በአፍንጫ አይያዝም፤ ከሁሉም ደቃቁ እስከ ሳንባው የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። እዚያ ያሉ የጽዳት ሴሎች ይውጡታል፤ ሊፈጩት አይችሉም፤ ይሞታሉ። ሲሞቱ የሚለቁት ንጥረ ነገር ሳንባውን ያስቆጣል፣ ጠባሳም ይተዋል። አዲስ የተሰበረ ሲሊካ ከአሮጌው የከፋ ነው፤ አሁን የተቆረጡት የሲሊከንና የኦክስጅን ማሰሪያዎች ከሕዋሱ ጋር ይጣላሉና። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። መድኃኒት የለውም፣ ሥራውን ቢተዉት እንኳ ሊቀጥል ይችላል፣ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1997 በሥራ ቦታ የሚተነፈስ ክሪስታል ሲሊካን ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛ ምድብ አስገብቶታል። በካምባት የተደረጉ የሕክምና ጥናቶች በሽታውን ያገኙት በሞራጆቹ ላይ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ነክተው በማያውቁ ጎረቤቶችም ላይ እንጂ።

ምህንድስናው ከባድ አይደለም። ሞረዱ ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ብናኙን እዚያው ጭቃ ያደርገዋል፤ ሽፋንና መምጠጫ ማራገቢያ የቀረውን ይወስዳል። ከባዱ ሒሳቡ ነው። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ለማራገቢያውና ለመብራቱ ከራሱ ኪስ ማውጣት አለበት፤ ዶቃውን የሚረከበው ነጋዴ ደግሞ አሠሪ አይደለሁም ይላል። ዶቃው ባሕር ተሻግሮ ሱቅ ሲደርስ መለያው ላይ የድንጋዩ ስም፣ አንዳንዴም "በተፈጥሮ ቀለም" የሚል ይጻፋል። በውሃ ይሁን በደረቁ መሞረዱ አይጻፍም።

በኢዳር ከድሮዎቹ የውሃ ሞረዶች አንዱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። አስጎብኚው በሆዱ ተንጋሎ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያሳያል፤ ሰዎች ፎቶ ያነሳሉ። በካምባት ሞረዱ በረንዳው ላይ ይዞራል፤ ከሥሩ ያለው ወለል በነጭ ብናኝ ተሸፍኗል።